ብቻውን መኖር ለጀመረ ሰው፦ ጠባብ ቤትን በትንሽ ወጪ ማሞቅ

ከብዙ ሰው ጋር የኖረ ሰው ብቻውን ቤት ሲይዝ ጸጥታውን አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ ብርዱን ግን አይጠብቀውም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰው ከሰውነቱ በግምት 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ 400 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ እንደበራ ቁጠሩት። በዚያ ላይ የተጣደ ድስት አለ፣ የበራ ቴሌቪዥን አለ፣ «በሩን ዝጋው» የሚል ሰው አይጠፋም። ብቻችሁን ስትወጡ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራል፤ ሂሳቡን የሚጋራም የለም።

እኔ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ትልቅ ማሞቂያ ገዛሁ፤ 2000 ዋት። ማታ አብርቼው እተኛለሁ፣ ጧት እግሬ እንደቀዘቀዘ እነሳለሁ። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ለሌላ ነገር ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ወሰደው። ከአልጋዬ ራስጌ ያለው መስኮት ከፍሬሙ ጋር እንደማይገጥም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የከፈልኩበት ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ሲወጣ ነበር። ማሞቂያ መጀመሪያ የሚገዛ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሙቀቱ የሚወጣበት ይደፈናል፣ ቀጥሎ ሰውነትና አልጋ ይሞቃሉ፣ ከዚያ የምትቀመጡበት ጥግ፣ ክፍሉ በመጨረሻ። ብቻችሁን መሆናችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፦ መሞቅ ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ለኩ

አንድ ቴርሞሜትር ያዙ፤ የአየሩን እርጥበትም የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል፣ ኋላ ላይ ያስፈልጋል። ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከመስኮትም ከማሞቂያም አርቃችሁ አስቀምጡት። ሦስት ቀን ያህል ጧት ስትነሱ፣ ማታ ስትገቡና ልትተኙ ስትሉ ቁጥሩን ጻፉ። አንዳንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዳንዴ አልጋው ራስጌ አድርጋችሁም እዩት። ወለሉ ከላይኛው በብዙ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ነፋስ ከበር ሥር ወይም ከመስኮት ግርጌ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2018 ያወጣው የቤትና የጤና መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያንስ ይመክራል። ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ጤነኛና ወጣት ከሆናችሁ የምትቀመጡበት ቦታ 18 ወይም 19 ላይ ከቆየ ከሹራብና ከካልሲ ጋር በደንብ ይኖርበታል። ከዚያ በላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ዲግሪ ዋጋ አለው። ውጭው 0፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ነው እንበል። ከቤት የሚወጣው ሙቀት የሚወሰነው በሁለቱ ልዩነት ስለሆነ፣ ወደ 19 ብታወርዱት ከሃያው አንዱን፣ ማለትም 5 በመቶውን ትቆጥባላችሁ። ውጭው 10 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ያቺው አንድ ዲግሪ 10 በመቶ ትሆናለች። ስለዚህ ብርዱ መለስተኛ በሆነበት ጊዜ አንድ ዲግሪ መቀነስ የበለጠውን ድርሻ ይቆጥባል።

የኤሌክትሪክ ቆጣሪያችሁንም ማታና ጧት አንብቡ። ልዩነቱ ሌሊቱን የፈጃችሁት ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሂሳብ ወረቀታችሁ ላይ ባለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስታባዙት የሌሊቱ ወጪ ይወጣል። ከዚህ በታች ያለውን ሥራ ስትሠሩ ይህ ቁጥር መውረድ አለበት። ካልወረደ የሳታችሁት ቀዳዳ አለ።

2. ነፋሱ የሚገባበትን ፈልጉ

ነፋስ ያለበት ቀን ምረጡ። የእጃችሁን ጀርባ በውሃ አርጥቡና በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አንሸራሽሩት፤ እርጥብ ቆዳ ትንሿን ሽውታ እንኳ ይለያታል። ወይም አንድ ቅጠል ሶፍት በጫፉ ይዛችሁ ወደ ክፍተቱ አስጠጉት፣ ከተወዛወዘ አገኛችሁት። ያገኛችሁበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ሰው መስኮትና በር አይቶ ይተዋል። የእቃ ማጠቢያውን ሥር ክፈቱና ቧንቧው ግድግዳውን የሚበሳበትን ቦታ እዩ፤ የተበሳው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከቧንቧው ይሰፋል፣ የቀረው ክፍት ነው። የውጭ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል የመስኮት መከለያ ሳጥን፣ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር፣ ሥራ የተወ የጭስ መውጫ፣ እነዚህን አትዝለሉ።

አንድ ነገር ግን ከመዝገቡ አውጡት። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ሆን ተብሎ የተሠራ የአየር መግቢያ ካለ፣ የቱንም ያህል ቢበርድ አይደፈንም። የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫም እንዲሁ። ስለ እነሱ ከታች እመለሳለሁ።

3. ድፈኑ

የበር ሥር ክፍተት በጣም ቀላሉ ነው። የማትለብሱትን ሱሪ አንድ እግር ቁረጡ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቁት፣ ሁለቱን አፍ ስፉና በሩ ሥር አጋድሙት። ክብደት እንዲኖረው ትንሽ አሸዋ በላስቲክ ቋጥራችሁ መሐሉ ብትከቱ አይንሸራተትም። ፎጣ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ለዛሬ ማታ ይሠራል፤ ግን ገብታችሁ በወጣችሁ ቁጥር ስለሚበተን ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ለመስኮትና ለበር ጠርዝ ጀርባው የሚለጠፍ የስፖንጅ ፕላስተር ግዙ። ውፍረቱን በግምት አትምረጡ። ትንሽ ጭቃ መሰል ማጣበቂያ ወይም ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ክፍተቱ ውስጥ አስገብታችሁ መስኮቱን ዝጉትና የተጨመቀበትን ውፍረት ለኩ፤ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስፖንጅ ይበቃል። በጣም ወፍራም ከሆነ መስኮቱ አይዘጋም፣ ከነበረውም የባሰ ክፍተት ይፈጥራል። ፍሬሙን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትለጥፉ፤ የሚላቀቀው ብዙውን ጊዜ በአቧራና በእርጥበት ምክንያት ነው። የቧንቧ ዙሪያና የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ በሲሊኮን ይሞላል፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ለአከራዩ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቢያስደፍነው ይመርጣል።

አሁን ወደ መስታወቱ እንምጣ፤ ብዙ ሙቀት የሚጠፋበት ቦታ ነው። ነጠላ መስታወት በአንድ ሜትር ካሬ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት በግምት 5.5 ዋት ያሳልፋል። መስኮታችሁ 1.5 ሜትር ካሬ፣ የውስጥና የውጭ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ቢሆን 124 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ይወጣል ማለት ነው። 12 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህ 1500 ዋት ማሞቂያ አንድ ሙሉ ሰዓት የሚፈጀው ነው፣ ለአንድ መስኮት ብቻ። ሁለት መስታወት የተደረበበት መስኮት ከዚህ ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ያሳልፋል። ተከራይ መስኮት አይቀይርም፤ በመስታወቱ ፊት የረጋ አየር መያዝ ግን ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ በሙቀት የሚሳብ ስስ ላስቲክ ነው። ፍሬሙን ካጸዳችሁ በኋላ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉ። ላስቲኩን ከፍሬሙ በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፣ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች እያያዛችሁ ውረዱ። የተጨማደደ ይመስላል፤ አትጨነቁ። የፀጉር ማድረቂያ አብርታችሁ ከጠርዙ ወደ መሐል፣ አንድ ቦታ ሳትቆሙ ስትነፉበት ላስቲኩ ይሳብና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በመጨረሻ ትርፉን ቁረጡ። በላስቲኩና በመስታወቱ መካከል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር ጥሩ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚከፈተው መስኮት አንድ ብቻ ከሆነ ግን ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር አትሸፍኑት፤ ላስቲኩን በሚከፈተው መዝጊያ ላይ ብቻ ለጥፉት፣ መስኮቱ እንደ ቀድሞው ይከፈት። አየር ለመለወጥም፣ አደጋ ቢመጣ ለመውጣትም ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚሰበር ዕቃ የሚጠቀለልበት ባለ አረፋ ላስቲክ ነው። ከመስታወቱ ልክ ቁረጡት፣ መስታወቱን ጠብታ የእቃ ሳሙና ባለበት ውሃ አርጥቡ፣ የአረፋውን ፊት ወደ መስታወቱ አድርጋችሁ ተጫኑት። ያለ ሙጫ ወራት ይቆያል፣ ስታነሱትም ምልክት አይተውም። ብርሃን ያሳልፋል፤ ወደ ውጭ ማየት ግን አይቻልም። ለብቻው የሚኖር ሰው ውጭውን ማየት ያስፈልገዋል ብዬ ስለማምን፣ ይህን ለመታጠቢያ ቤትና ወደ ውጭ ለማትመለከቱበት መስኮት አድርጉት፤ ቀን የምትቀመጡበት መስኮት ስሱ ላስቲክ ይሻለዋል።

መጋረጃ ከሁሉም በላይ በአሰቃቀሉ ይወሰናል። ቀዝቃዛው መስታወት የነካው አየር ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ መጋረጃው አጭር ከሆነ በሥሩ ሾልኮ ወለል ለወለል ወደ እግራችሁ ይመጣል። ስለዚህ ወፍራም ይሁን፣ ከመስኮቱ በየጎኑ ይትረፍ፣ ወለሉን ወይም የመስኮቱን ደፍ ይንካ። ከመስኮቱ ሥር ራዲያተር (ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት የብረት ማሞቂያ) ካለ ግን መጋረጃው ከራዲያተሩ በላይ ባለው ደፍ ላይ ያብቃ፤ ከሸፈነው ሙቀቱ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ገብቶ በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄዳል። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስታርፍ ክፈቱት፣ ልትጠልቅ ስትል ዝጉት።

4. አልጋው

ከቀኑ ሲሶው የሚያልፈው አልጋ ላይ ነው፤ አልጋን ማሞቅ ደግሞ ከሁሉ ይረክሳል። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም አልጋውን ከውጭ ግድግዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ግድግዳው ከሰውነታችሁ ሙቀት ይስባል፣ ከፍራሹ ጀርባም ሻጋታ ያበቅላል። ፍራሻችሁ መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ እንጨት፣ ያም ካልተገኘ ወፍራም ካርቶን ይደረግ፤ ካርቶኑን በየሳምንቱ አንስታችሁ አናፍሱት፣ እርጥበት ይይዛልና።

ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ ይደርብና ከታች ይረሳል። የተኛ ሰው ክብደቱ ፍራሹን ስለሚጫነው አየር የሚይዘው ክፍል ይሳሳል፣ ሙቀቱም ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ካላችሁ አንዱን ከአንሶላው በታች አንጥፉት። እኔ ይህን በማድረግ ብቻ ያገኘሁት ለውጥ ከላይ ሦስተኛ ከመደረብ በልጦብኛል።

የሙቅ ውሃ የጎማ ከረጢት ግዙ። አንድ ተኩል ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 70 ዲግሪ ለማሞቅ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ይህ 1500 ዋት ማሞቂያ በአራት ደቂቃ የሚፈጀው ነው፤ እግራችሁ ሥር ግን ለረጅም ሰዓት ይቆያል። የፈላ ውሃ አታፍሱበት፤ ውሃው ከፈላ ጥቂት ደቂቃ ይብረድ። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉ፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በጨርቅ ሸፍኑ። ጎማው ሲደርቅ ወይም ስንጥቅ ሲያሳይ ይጣል፤ ባይሰነጠቅም በሁለት ዓመት ገደማ ይቀየር። ሌሊት አልጋ ውስጥ የፈነዳ ሙቅ ውሃ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከፍ ቢል 100 ዋት ያህል ነው የሚወስደው። ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አብሩት፣ ስትገቡ አጥፉት። አይታጠፍም፣ አይጨማደድም፣ ከውሃ ከረጢት ጋር አብሮ አይሆንም።

5. አንድ ጥግ ምረጡ

ክፍሉን ሁሉ ለመኖሪያ አትቁጠሩት። የምትቀመጡበትን ቦታ ከመስኮቱ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ፤ አየሩ 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ በቀዝቃዛ መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል፣ ምክንያቱም ሰውነቱ ሙቀቱን በጨረር ወደ መስታወቱ ይሰጣል። ጀርባችሁን ለውስጥ ግድግዳ ስጡ፤ ጎረቤት ከበስተጀርባው የሚኖርበት ግድግዳ ከሁሉ የሞቀው ነው። እግራችሁ ሥር ምንጣፍ አድርጉ፣ ካልተገኘ ወፍራም ካርቶን ላይ ጨርቅ። ለረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ያንኑ የውሃ ከረጢት እግራችሁ ሥር አድርጋችሁ ጉልበታችሁን በብርድ ልብስ ሸፍኑ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሦስት ስስ ይደራረብ፣ ካልሲው እግር የማያጨናንቅ ይሁን። የጠበበ ካልሲ ሁለት ሲደረብ አየሩን ያስወጣል፣ ደምም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ እግር ይብሱን ይቀዘቅዛል።

6. አሁን ማሞቂያ

እስከዚህ ሠርታችሁ ቴርሞሜትሩ ከ18 በታች ከሆነ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ሻጭ «ይህ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» ሲላችሁ አንድ እውነት ያዙ፦ በሽቦ ግለት የሚሠራ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ውድም ሆነ ርካሽ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። የሚለያዩት ሙቀቱን በሚያደርሱበት መንገድ ነው። ቀይ የሚግለው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በቀጥታ ያሞቃል፤ ለአንድ ሰው፣ ለአጭር ሰዓት ተመራጭ ነው። በቬንትሌተር የሚነፋው ጠባብ መታጠቢያ ቤትን በአምስት ደቂቃ ያደርሳል፤ ሲጠፋ ግን ሙቀቱ ቶሎ ይሄዳል። ዘይት ያለበት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ማታ ረጅም ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየጠበቀ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ያለው ዘይት ማሞቂያ የተረጋጋ ነው። ከእነዚህ የሚለየው የሚያሞቅ ኤር ኮንዲሽነር ነው፤ ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ስለሚያስገባ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሦስት ያህል እጥፍ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ግድግዳችሁ ላይ አስቀድሞ ካለ፣ ለበጋ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ማጣሪያውን አጥባችሁ ተጠቀሙበት።

ወጪውን ለማወቅ ዋቱን ለ1000 አካፍሉ፣ በበራበት ሰዓት አባዙ፣ በታሪፉ አባዙ። 1500 ዋት በቀን 3 ሰዓት፣ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት፤ በ30 ቀን 135። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በራሳችሁ ታሪፍ አስሉት።

«ቀኑን ሙሉ በትንሹ ሲበራ ይረክሳል» የሚባለው ለተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትክክል አይደለም። ቤቱ በሞቀ ቁጥር የሚያፈሰው ይበዛል፣ ስለዚህ ማንም በሌለበት ሰዓት የሞቀ ክፍል ያለ ጥቅም ያፈሳል። ስትወጡ አጥፉ። ውጭው ከዜሮ በታች በሚወርድበት አካባቢ ብቻ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ ትንሽ ሙቀት ይተው።

ሕንፃው የጋራ የራዲያተር ማሞቂያ ካለው፣ ራዲያተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ታቹ ሞቆ ላዩ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር ተይዟል። ማሞቂያው ጠፍቶ ራዲያተሩ ከበረደ በኋላ፣ ከጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መልቀቂያ በቁልፏ ቀስ ብላችሁ አላሏት፣ ከሥሯ ጨርቅና ጣሳ ይዛችሁ። አየሩ እየተፋ ይወጣል፤ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ዝጉ። መቆጣጠሪያው ላይ ያሉት ከ1 እስከ 5 የተጻፉ ቁጥሮች የክፍሉን ሙቀት ነው የሚወስኑት፤ በተለምዶ 3 ወደ 20 ዲግሪ ነው። ወደ 5 ማዞር ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም፤ ማጥፋት ከረሳችሁት ግን ከሚያስፈልገው በላይ ያሞቀዋል። ሶፋ ከፊቱ አንሡ። የራዲያተሩ ግድግዳ የውጭ ከሆነ ካርቶን ላይ የተለጠፈ አሉሚኒየም ፎይል፣ የሚያብለጨልጨው ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ ከበስተጀርባው ይግባ።

7. እርጥበቱን አስወጡ

ቤቱን በደንብ የደፈነ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። መስኮቱ ጧት ጧት ያልበዋል፣ ከወር በኋላ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። በእጅ የታጠበ አንድ ዙር ልብስ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ሊለቅ ይችላል፤ ክዳን የሌለው ድስት፣ ሙቅ ሻወር፣ ትንፋሻችሁም ይጨምሩበታል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። እርጥበት መለኪያው ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ይሁን።

መፍትሔው መስኮት መክፈት ነው፤ ሰው ግን ሙቀቱ ይጠፋብኛል ብሎ ይፈራል። እናስላው። 15 ሜትር ካሬ ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 45 ኪሎ ገደማ አየር ይይዛል። ያ አየር ሁሉ ወጥቶ በቀዝቃዛ ቢተካና በ15 ዲግሪ ማሞቅ ቢያስፈልግ የሚፈጀው 0.19 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የ1500 ዋት ማሞቂያ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የክፍሉ ሙቀት በአብዛኛው የተቀመጠው በግድግዳው፣ በወለሉና በዕቃው ውስጥ ነው፣ አምስት ደቂቃም አያወጣውም። ስለዚህ ማሞቂያውን አጥፉ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ክፈቱ፣ ዝጉ። ጧትና ማታ፣ ደግሞም ምግብ ከሠራችሁ ወይም ከታጠባችሁ በኋላ። ቀኑን ሙሉ በትንሹ ገርበብ ያለ መስኮት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፦ አየሩን በየሰዓቱ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ያቀዘቅዛል፣ ሻጋታውም እዚያው ይጀምራል።

ድስት ይከደን። ስትታጠቡ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይዘጋ። ልብስ የግድ ቤት ውስጥ ከደረቀ በሩ በተዘጋና መስኮቱ በተከፈተ መታጠቢያ ቤት ይሁን። መስታወቱ ላይ ያለውን ውሃ ጧት በጨርቅ ጠርጉትና ጨርቁን ማጠቢያው ላይ ጭመቁት፣ ራዲያተር ላይ ካሰጣችሁት ውሃው ተመልሶ አየሩ ውስጥ ይገባል። ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

8. ብቻችሁን ስለሆናችሁ

ይህን ክፍል በእርጋታ አንብቡልኝ። ሌላ ሰው ባለበት ቤት የሆነ ነገር ሲሸት፣ አንድ ሰው ሲደነዝዝ፣ የሚያይ አለ። እናንተ ጋ የለም።

የተቀጣጠለ ከሰል ወደምትተኙበት ክፍል በፍጹም አይግባ። የምድጃ ጋዝ አብርቶ ክፍል ማሞቅም እንዲሁ። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ከሰሉ ፋመ፣ ነበልባል የለውም፣ ጭሱም ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ሰው ጉንፋን መሰለኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ፣ ስትመለሱ የሚጀምራችሁ ራስ ምታት ካለ ወዲያው ውጡ፣ ሐኪም እዩ። በቤቱ ውስጥ በጋዝ ወይም በእሳት የሚሠራ ነገር ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከማሞቂያም በፊት ይገዛ። ከላይ አትድፈኑት ያልኳችሁ የአየር መግቢያ ያለውም ለዚሁ ነው።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከልብስ አንድ ሜትር ይራቅ። ማሞቂያው በርቶ ማንም አይተኛ። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፤ ብዙ ነገር የተሰካበት ማራዘሚያ 2000 ዋት ሲጨመርበት ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። መሰኪያውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ንኩት፤ ለብ ያለ ምንም አይደለም፣ የሚያቃጥል ከሆነ ነቅላችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ። ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ ማሞቂያ ምረጡ። ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት በፊት አብሩ፣ ስትተኙ አጥፉ፤ ሌሊቱን አልጋው ይይዘዋል።

መስታወቱ የተሰበረ፣ በሩ የማይገጥም፣ ራዲያተሩ የማይሠራ ከሆነ ይህን ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ቴርሞሜትሩ አብሮ የሚታይበት ፎቶ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር፣ «በጣም ይበርዳል» ከሚል አቤቱታ የበለጠ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የጻፋችሁት ወረቀትም እዚህ ይጠቅማል።

በጣም በሚበርድባቸው ሳምንታት ከአንድ ሰው ጋር፣ እህት ትሁን ጓደኛ፣ በየጧቱ አጭር መልእክት ለመላላክ ተስማሙ። «ተነሥቻለሁ» ይበቃል። እስከ ረፋድ ካልደረሰው እንዲደውል፣ ካልተነሣም ሰው ይዞ መጥቶ በራችሁን እንዲያንኳኳ ዛሬውኑ ንገሩት፤ የቤታችሁን አድራሻና የአንድ ጎረቤት ስልክም ስጡት።